ጭላሎ፦ ቅርብ የሚመስል ሩቅ ጫፍ

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ንግግር ስለ አንድ ተራራ ብቻ ነው። ራስ ዳሸንን ለመውጣት የተነሳ ሰው ወደ ደባርቅ ያቀናል፤ ቱሉ ዲምቱን የፈለገ ወደ ባሌ ይሄዳል። በአሰላና በበቆጂ በኩል ወደ ባሌ የሚጓዘው መንገደኛ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሌላ ተራራ በግራ መስኮቱ በኩል ትቶ እንደሚያልፍ ብዙ ጊዜ ልብ አይልም። ያ ተራራ ጭላሎ ነው፤ ከፍታው 4,036 ሜትር። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ላይ ካለችው ከአሰላ በስተ ምሥራቅ ተንጣሎ ተኝቷል። ስሙን የማያውቅ የለም። አውራጃ ሆኖ ተጠርቶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ካዱ፣ የተሰየመው በእሱ ነው። አናቱ ላይ የሚወጣው ግን ከእረኛና ከአካባቢው ሰው በቀር ጥቂት ነው።

ልብ አለመባሉ ከቅርጹ ይመጣል። ሰው ተራራ ሲል ሹል ነገር ይጠብቃል። ጭላሎ ሹል አይደለም፤ ከአሰላ ሆናችሁ ስታዩት እንደ ተኛ በሬ ጀርባ ለስላሳ ነው፤ ከምሳ በፊት ደርሶ የሚመለሱበት ይመስላል። ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ከአሰላ በኩል ለሚወጣ ሰው ጭላሎ በገደሉ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው በስፋቱ ነው። እዚያ የሚመሽበት፣ መንገድ የሚጠፋበት፣ በብርድ የሚያዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ርቀቱን በዓይኑ ለክቶ የተነሳ ነው።

ጭላሎ በጥንት ዘመን የነደደ፣ ዛሬ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጋሻ መሰል ከሚባለው ወገን። የዱሮውን የቆዳ ጋሻ እምብርቱን ወደ ሰማይ አድርጋችሁ መሬት ላይ አኑሩት፤ ቅርጹ እሱ ነው። ጠርዙ ሰፊ፣ ዳገቱ ዝግ ያለ፣ መሐሉ ከፍ ያለ። እምብርቱ ላይ ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ግድም ስፋት ያለው ክብ ጎድጓዳ አለ፤ እሳተ ገሞራው የውስጡን ካፈሰሰ በኋላ አናቱ ተደርምሶ የቀረ። ስለዚህ ጫፍ የምንለው ነጠላ ሹል ነጥብ አይደለም። ከዚህ ሰፊ ጎድጓዳ ከንፈር ላይ ከሌሎቹ ጥቂት ከፍ ብሎ የቀረ ጉብታ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ጭጋግ ስንነጋገር እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቁጥር። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከከተማው እስከ ጫፉ በቀጥታ መስመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው 1,600 ሜትር። በአማካይ በየ100 ሜትሩ ከ10 እስከ 11 ሜትር መውጣት ማለት ነው፤ ለእግር የማይከብድ ዳገት። ግን አስሉት። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው፣ ተራራ ወጪዎች እስከ ዛሬ የሚሠሩበት ስሌት አለ፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ከፍታው ሌላ አንድ ሰዓት። ለ15 ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት፣ ለ1,600 ሜትር ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ፤ በድምሩ አምስት ሰዓት ከአርባ። ይህ ለጠንካራ እግር፣ ለቀጥታ መንገድ፣ ለዝቅተኛ አገር የተሠራ ነው። ከ3,500 ሜትር በላይ ትንፋሽ ሲያጥር፣ መንገዱ በየማሳው ጠርዝ ሲጠማዘዝ፣ እረፍትና ምሳ ሲታከልበት፣ ግማሹን ጨምሩ፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። መመለሻው አምስት ሰዓት ቢፈጅ በጠቅላላ አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በጥር ወር እዚያ አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40 ግድም፣ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ግድም ነው። ቀኑ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ያንሳል። ከአሰላ አደባባይ በእግር ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ለአብዛኛው ሰው የማይሆነው ለዚህ ነው።

መፍትሔው የታችኛውን ክፍል በመኪና ማሳጠር ነው። ከአሰላ ዙሪያ ወደ ላይኞቹ የገበሬ መንደሮች የሚወጡ የጠጠርና የአፈር መንገዶች አሉ፤ በደረቅ ወቅት ከፍ ያለ መኪና ወይም ሞተር ሳይክል 3,000 ሜትር አካባቢ ያደርሳል። ከዚያ የሚቀረው 1,000 ሜትር ከፍታና ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ነው፤ መውጫው አራት ሰዓት ተኩል፣ መውረጃው ሦስት። መንገዱ ጭቃ ከሆነ መኪናው የት እንደሚቆም አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ መኪና የቆመበትን ከፍታ ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ስሌቱን እዚያው እንደገና ሥሩት። 2,700 ላይ ቆሞባችሁ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከሩብ ተጨምሯል፤ የዕለቱ እቅድ መለወጥ አለበት።

የመመለሻ ሰዓት የሚባል ነገር አለ፤ ይህን ከሁሉ አጥብቀን እንናገራለን። ቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብትሆኑ፣ ጫፉ ሃያ ደቂቃ ቢቀረውም፣ ትዞራላችሁ። ሰዓቱን ማታ አሰላ ላይ፣ ሁሉም ሰው በልቶ ተረጋግቶ እያለ ወስኑት፤ ዳገት ላይ የሚወሰን ሰዓት ሁልጊዜ ይራዘማል። ‹ትንሽ ነው የቀረው› የሚለው ቃል ጭላሎ ላይ ከሌላ ተራራ የበለጠ ያታልላል፤ ጀርባው ክብ ስለሆነ ከፊታችሁ የምታዩት ጠርዝ መጨረሻ ይመስላል፤ ስትደርሱበት ሌላ ጠርዝ ከኋላው ብቅ ይላል። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ከፍታ መለኪያውን እንጂ ዓይናችሁን አትመኑ።

መንገዱ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማሳ፤ አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ በመሐል በመሐሉ የባሕር ዛፍ ክምችት፣ ከፍ እያለ ሲሄድ ገብስና ድንች ብቻ። በማሳ መሐል አይታለፍም። ከሰኔ እስከ ኅዳር ቡቃያው የገበሬው የዓመት ቀለብ ነው፤ ድንበር ድንበሩን፣ የከብት መንገዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢያስዞርም። ከማሳው በላይ የቀሩ የጽድና የኮሶ ዛፎች እዚህም እዚያም ይታያሉ። ቀጥሎ አስታ ይመጣል፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ ደቃቅ፣ ግንዱ ጠማማ የሆነው የደጋ ቁጥቋጦ። አስታው ለማገዶ ተቆርጦ የቀረበት ቦታ ላይ ጉቶው ሳር ውስጥ ተደብቆ እንደ ካስማ ቆሟል፤ ስስ ሶል ያለው የስፖርት ጫማ ይበሳል። ጥቅጥቅ ያለው አስታ ውስጥ ደግሞ የከብት መንገዶች እየተከፈሉ ስለሚሄዱ፣ ከአስታው የወጣችሁበትን ነጥብ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ዞር ብላችሁም ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ምን እንደሚመስል እዩት። በመመለሻ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጠዋት ያየው የአስታውን ፊት ነው፤ ከሰዓት የሚያየው ጀርባውን ነው።

ከአስታው በላይ ሜዳው ይከፈታል። ጓሳ ሳር፣ ድንጋይ፣ ሰማይ፣ ጅብራ። ጅብራን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ያለው ተክል ነው። ብዙ ዓመት ሙሉ ቅጠሉን እንደ ጽጌረዳ ክብ አድርጎ ዘርግቶ ዝም ብሎ ያድጋል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ የሚረዝም የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ዘሩን ይበትናል፤ ይሞታል። ቆሞ የምታዩት ጥቁር፣ ውስጡ ባዶ ግንድ ያ የሞተው ነው። ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ቅጠሎቹን ወደ መሐል ሰብስቦ እምቡጡን ይሸፍናል። ደገፍ አትበሉበት፤ ለፎቶም አትጎትቱት፤ ሥሩ ጥልቅ አይደለም፣ የወደቀ ጅብራ ደግሞ ገና ያላበበ ከሆነ ዘር ሳይተው ቀረ ማለት ነው።

ጓሳ ላይ መራመድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሳሩ ጉብ ጉብ ብሎ በእንቅብ እንቅብ ያድጋል፤ በጉብታና በጉብታው መካከል ጉድጓድ አለ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ወይም የፍልፈል ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። ጉብታው ላይ የቆመ እግር ይንሸራተታል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የገባ እግር ይጠመዘዛል። የሚሻለው አጭር አጭር እርምጃ ሆኖ ጫማውን የጉብታው ሥር ላይ፣ ከጎኑ አስደግፎ መርገጥ ነው። ወገብ የሚደርስ ዱላ ያዙ፤ ለመደገፍም፣ ረግረጉን ቀድሞ ለመውጋትም። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ከሌላችሁ ይህ ክፍል ብቻውን ጉዞውን ሊያበላሽ ይችላል። ከመኪና ሦስት ሰዓት የራቀ ወለምታ አራት ሰው ይፈልጋል።

አሁን ጭጋግ። አካባቢው በኦሮምኛ ‹ሁሪ› ይለዋል፤ እረኛ ‹ሁሪ› ብሎ ወደ ሸለቆ ቢጠቁማችሁ ቃሉን እወቁት። ከስምጥ ሸለቆው ሙቅ አየር ተነስቶ ዳገቱን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረ ጫፍ ከ5 እና 6 ሰዓት በኋላ መሸፈኑ የተለመደ ነው። ሹል ተራራ ላይ ጭጋግ ቢይዛችሁ ቁልቁለቱ ራሱ ወደ ታች ይመራችኋል። ጭላሎ ላይ ግን አናቱ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፤ ወደ የትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ ‹ወደ ታች› ነው። የጎድጓዳው ከንፈር ላይ ካላችሁ ወደ ውስጥ መውረድም ወደ ታች ነው። በዚያ ላይ ተራራው እንደ ጋሻ ክብ ስለሆነ አናቱ ላይ የተሠራች ትንሽ ስህተት ግርጌው ላይ ትሰፋለች። በ12 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ላይ አቅጣጫችሁን በ15 ዲግሪ ብትስቱ ከታሰበው ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ ትወርዳላችሁ፤ በ30 ዲግሪ ብትስቱ 6 ኪሎ ሜትር። ጨርሳችሁ በሌላው ወገን ከወረዳችሁ ደግሞ ከአሰላ ጋር ተራራው ሙሉውን በመካከላችሁ ገባ። ሲመሽ፣ ውሃ ሲያልቅ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ።

ስለዚህ መከላከያው ከጭጋጉ በፊት ይሠራል። አሰላ ላይ ካርታ ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠራ አድርጋችሁ ስልክ ላይ አውርዱ፤ የመነሻውን ጉዞ መመዝገብ ጀምሩ። አራት ነጥቦችን ስም ሰጥታችሁ ያዙ፦ መኪናው የቆመበት፣ የመጨረሻው ቤት፣ ከአስታው የተወጣበት፣ ከንፈሩ ላይ የተደረሰበት። ስልክ በብርድ ቶሎ ይሞታል፤ ከሸሚዝ ሥር፣ ከገላ ጋር አስጠግታችሁ ያዙት፤ ተጨማሪ ባትሪውንም እንዲሁ። ከስልክ በተጨማሪ ኮምፓስ ይኑር። ከጫፉ ወደ አሰላ ያለው አቅጣጫ ከምዕራብ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ነው፣ 280 ዲግሪ ግድም፤ እናንተ የምትመለሱበትን መንደር ግን በ1፡50,000 ካርታ ላይ ራሳችሁ ለክታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ጭጋጉ ሸለቆው ውስጥ ገና ሲነሳ ካያችሁት አቅጣጫውን ያን ጊዜ ያዙ። ከያዛችሁ በኋላ ከሆነ ቁሙ። ተሰብሰቡ። ሰው ቁጠሩ። ንፋስ መከላከያውን ልበሱ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ካልተከፈተ አንዱ ኮምፓስ ይዞ ከኋላ ይቁም፣ ሌላው በሚታይበት ርቀት ልክ ወደ ፊት ይሂድ፣ ከኋላ ያለው ‹ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ› እያለ ያስተካክለው፤ ከዚያ ሁሉም እዚያ ይድረስ፤ እንደገና። አድካሚ ነው። ግን የተመዘገበውን ነጥብ እስክትይዙ ድረስ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። በዚያ ሰዓት ‹እኔ አውቀዋለሁ› የሚል ሰው ቢኖርም ኮምፓሱን ተከተሉ፤ በጭጋግ ውስጥ ሰው ቀጥ ብሎ የሄደ እየመሰለው ይዞራል።

ወቅቱን በተመለከተ ብዙ መናገር አያሻም። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው፤ ጭቃ፣ ጭጋግ፣ መብረቅ። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ይጥላል። የሚሻለው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ዝናቡ አየሩን አጥቦ ስለሚተወው ማለዳ ከላይ ዝዋይ ሐይቅ ይታያል፤ ከእግራችሁ ሥር 2,400 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በምዕራብ። ከዚህ በኩል የሚወርደው ውሃም በካታር ወንዝ አድርጎ የሚገባው እዚያው ነው። በደቡብ የካካ ተራራ፣ በደቡብ ምሥራቅ የጋላማ ሸንተረር። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀኑ ግን የታመነ ነው፤ አቧራ ስለሚነሳ እይታው ይደበዝዛል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ መብረቁን ካያችሁበት እስከ ድምፁ ሴኮንድ ቁጠሩ፤ ለሦስት አካፍሉት፣ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። ከ30 ሴኮንድ ካነሰ ከጓሳው ሜዳ መውረድ መጀመር አለባችሁ፤ እዚያ ከሳሩ በላይ ቆሞ የሚታየው ጅብራውና እናንተ ናችሁ።

ስለ አየሩ ቀጭንነት። አሰላ ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ዳርቻው 75 በመቶ ግድም ነው፤ ጫፉ ላይ 61 በመቶ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከፍታው ከአሰላ ጋር ስለሚቀራረብ ግማሹን ሥራ ሳያውቀው ሠርቶ መጥቷል። ከአዳማ፣ ከድሬዳዋ፣ ወይም ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣ ዘመድ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሌሊት አዲስ አበባ ወይም አሰላ ይደር። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በመጣ በማግስቱ አትውሰዱት፣ ምንም ስፖርተኛ ቢሆን። ጉልበት ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ጠንካራው ሰው ቶሎ ስለሚወጣ ቀድሞ ይታመማል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ከዚያ በላይ አይወጣም። ካልተሻለ ይወረዳል። የሚያስፈራውን ምልክት ለመለየት ሰውየውን ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገናኘ በቀጥታ መስመር አሥር እርምጃ እንዲሄድ ጠይቁት። እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረውና ከሳለ፣ ጭንቅላቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ እየያዘ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ክኒን ፍለጋ፣ ምክክር፣ ‹ትንሽ ይረፍ› የለም። ሰው ደግፎት ወዲያው ቁልቁል፣ ቢያንስ 500 ሜትር፣ ከዚያም ወደ ሐኪም።

በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ግድም ስለሚቀንስ ጫፉ ከአሰላ በ10 ዲግሪ ያህል ይበርዳል፤ ንፋሱ ሳይታሰብ። ጂንስ ሱሪ አትልበሱ፤ ከረጠበ አይደርቅም። ጋቢም ለምሽት፣ ለድንኳን፣ ለመንደር ነው እንጂ ለዳገት አይሆንም። ጥጥ ነው፤ ጭጋግ ብቻውን ያረጥበዋል፣ ከረጠበ ይከብዳል፣ ሙቀት መስጠቱን ያቆማል። የአካባቢው ፈረሰኞች ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ የሚደርቡት በከንቱ አይደለም፤ ሱፍ ረጥቦም ይሞቃል። ከሥር ስስ የስፖርት ልብስ፣ በላዩ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከሁሉ በላይ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ኮፍያ ሁለት፤ አንዱ ለፀሐይ፣ አንዱ ለብርድ። ፀሐዩ በጭጋግ ውስጥም ያቃጥላል፤ ከንፈርና አፍንጫ ቅባት ይፈልጋሉ።

ለስንቅ ከአርሲው ጭኮ የሚበልጥ አናውቅም። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የሚታሸው ነው። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ግማሽ ኪሎ ቅቤ ግድም፣ ጨው፣ የወደዳችሁትን ቅመም። ቅቤው ለብ ሲል እያፈሰሳችሁ እሹት፤ በእፍኝ ስትጨብጡት ቅርጹን ይዞ የማይፈርስ ሲሆን በቃ። ከተንጠባጠበ ቅቤው በዝቷል፣ ከተበታተነ አንሷል። መቶ ግራም የምትሆን አንድ እፍኝ 500 ካሎሪ ግድም ትሰጣለች፤ ብርድ ላይ ይጠነክራል እንጂ አይበላሽም፣ ጓንት ሳይወልቅም ይበላል። አዳማ ላይ በሙቀቱ እንዳይቀልጥባችሁ ከልብስ ጋር ሳይሆን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ያዙት። ከፍታ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ሳይርባችሁ በየሰዓቱ ጥቂት ብሉ። ውሃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ከታች ይዛችሁ ውጡ። በደረቁ ወቅት ከአስታው በላይ ውሃ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ብታገኙም ከብት የሚጠጣው ነው። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ሳይሞላው ነው፤ እንደ ፈላ አታውጡት፣ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። በኪኒን የምታክሙ ከሆነም ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጊዜ በላይ ጠብቁ።

ተራራው ሰው ያለበት ነው። የጭላሎና የጋላማ ከፍታዎች ካካን፣ ሁንኮሎንና ዴራ ዲልፈቃርን ጨምሮ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ናቸው፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት አሰላ ያለውን የቱሪዝም ወይም የፓርክ ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ፣ የጸጥታውን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ጠይቁ፣ መታወቂያ ያዙ። ካለፈው ዓመት የሰማችሁትን አትመኑ። ከመንደሩ ሰው መንገድ መሪ ቅጠሩ፤ ዋጋውን፣ የመመለሻውን ሰዓትና ምሳው በማን እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። መሪው መንገዱን ያውቃል፤ የእናንተን ሳንባ ግን አያውቅም። እሱ በሁለት ሰዓት ያለው እናንተን ሦስት ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል፤ ይመለስ የሚለውን ውሳኔ ለእሱ አትጣሉበት።

በሩ ላይ የቆመ ሽማግሌ ካለ ሳትሰላሙ አትለፉ። ጠዋት ‹አካም ቡልተን›፣ ከሰዓት ‹አካም ኦልተን› በሉ፤ እድሜው ለገፋ ሰው ኮፍያችሁን አውልቁ። መንገድ ስትጠይቁ ‹ይህ ወደ አሰላ ይወስዳል?› አትበሉ፤ እንግዳን ላለማሳፈር ‹አዎ› ይባላል። ‹ወደ አሰላ የሚወስደው የቱ ነው?› በሉ፣ እጁንም እዩ። የእረኛ ውሻ ከመጣ አትሩጡ። ቁሙ፤ ዱላችሁን መሬት አስይዙ፤ ባለቤቱን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፤ ካልተመለሰ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፤ ይህ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ሙሉ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ጉዞው እዚያ አበቃ፣ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ ክትባት ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። ውሻው ጤነኛ ይመስላል ማለት አያዋጣም።

ዕድለኛ ከሆናችሁ በማለዳ በአስታው ጠርዝ የደጋ አጋዘን ታያላችሁ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለው ይህ እንስሳ ለሳይንስ የታወቀው ከዚህ አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ከዝዋይ ደቡብ ምሥራቅ በተገደለ አንድ አጋዘን፣ ከሁለት ዓመት በኋላም በ1910 ሪቻርድ ሊዴከር ስም ሰጠው። ወንዱ ጠመዝማዛ ቀንድ አለው፤ ሴቷ ቀንድ የላትም። ካያችሁ ቁሙ፤ ንፋሱ ከእናንተ ወደ እሱ ከነፈሰ ወዲያው ይሄዳል። አታባርሩት፣ በቁጥቋጦው ውስጥ ለመጠጋት አትሞክሩ። እንደ ማለዳው ሁሉ ማምሻውም የሱ ሰዓት ነው ብላችሁ ለመጠበቅ አትዘግዩ፤ ማለዳውን ተጠቀሙ።

መውረጃው ላይ ጉልበት ይናገራል፤ 1,000 ሜትር ቁልቁለት በደከመ ጭን ነው። ከመውረዳችሁ በፊት የጫማችሁን ክር ከቁርጭምጭሚቱ በኩል አጥብቁ፣ ጣት ፊት ለፊት እንዳይመታ። በጣም ቀርፋፋው ሰው ከፊት ይሁን፤ መንገድ የሚያውቅ ሌላ ሰው ከሁሉ ኋላ ይምጣ፤ ከእሱ በኋላ ማንም አይቅር። ከጓሳው፣ ከአስታው፣ ከመጀመሪያው ቤት፣ በየደረሳችሁበት ሰው ቁጠሩ። የእጅ ባትሪ በእያንዳንዱ ሰው ቦርሳ ይኑር፤ ለቡድኑ አንድ አይበቃም። መንደሩ ስትደርሱ የመሪውን ሒሳብ እዚያው በእጁ ስጡት፣ አሰላ ለሚጠብቃችሁ ሰውም ‹ሁላችንም ወርደናል› ብላችሁ ደውሉ፤ ያ ሰው ከ12 ሰዓት በፊት ካልሰማ ማንን እንደሚጠራ ማታውኑ ነግራችሁት መሆን አለበት። ያን ሌሊት እዚያው አሰላ እደሩ። ከንጋት ጀምሮ የተጓዘ ሰው ነድቶ ወደ አዳማ ቁልቁል ሲወርድ የሚጥለው እንቅልፍ ነው።